በደብረ ሲናና በአካባቢው ስለሚወጣ የሰው ስም ትርጓሜ

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከጣርማ በር ገደል ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበላይዋ ደጋው፥ ከበታችዋ የይፋት ቈላ ነው። ስሟ ሙሴ ሕግን ከተቀበለበት ከሲና ተራራ የተወሰደ ነው። ይህን ማስታወስ ለያዝነው ነገር ከንቱ አይሆንም። ሙሴ በእግዚአብሔር ተራራ በጎቹን ሲጠብቅ የተናገረውን አምላክ ስሙን ቢጠይቀው፥ የተሰጠው መልስ እንደ ሌላው ስም አንድ ነጠላ ቃል ሳይሆን በግሥ የታሰረ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነበረና። የደብረ ሲናም ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ ዐረፍተ ነገር ይናገራል።

በአገራችን ስለ ሰው ስም ሲጻፍ ቃላቱን በየወገናቸው ለይቶ መፍታት የተለመደ ነው። ከበደ ክብደት አገኘ፤ አበበ አበባ አወጣ፤ ታደሰ አዲስ ሆነ እያሉ መዘርዘር ማለት ነው። ሥራው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍቺ ከመዝገበ ቃላት የሚገኘውን ብቻ ይሰጠናል እንጂ፥ ስም አውጪው ያን ቃል ለማን እንደ ተናገረው፥ ስለ ምንስ እንደ ተናገረው አይነግረንም። በሰሜን ሸዋ የሰው ስም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ንግግር ተቈርጦ የቀረ ቃል ነው። ንግግሩም ለእግዚአብሔር፥ ለሞት፥ ለጎረቤት፥ ለባላንጣ፥ ለባል ዘመድ፥ ወይም ለሕፃኑ ለራሱ ሊሆን ይችላል። የተነገረለትን ሰው ካላወቅን የፈታነው ቃሉን እንጂ ስሙን አይደለም።

አስቀድሞ ግን አንድ ሰው ስንት ስም እንደሚኖረው መግለጽ ያስፈልጋል። የክርስቲያን ልጅ ወንድ ቢሆን በ40፥ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ሲጠመቅ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጠዋል። ይህ ስም ግእዝ ነው፤ አገነባቡም የታወቀ ነው። ገብረ፥ ወልደ፥ ወለተ፥ ኃይለ፥ ተክለ፥ ሣህለ፥ አምኃ ከሚሉት ቃላት አንዱ ይቀድምና የሥላሴ፥ የማርያም፥ የመልአክ ወይም የጻድቅ ስም ይከተለዋል። ትርጕሙ የጸና ስለ ሆነ ለማን ተነገረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከመካከላቸው እጅግ ያማሩ አሉ፤ የንግሥት ዘውዲቱ የክርስትና ስም አስካለ ማርያም ነበር፤ የማርያም የወይን ዘለላዎች ማለት ነው። በዚህ ስም ሰው ይቈርባል፥ ሲሞትም ይፈታበታል። ከዚያ ውጭ ግን ብዙ አይጠራም፤ መድኃኒተኛ ሰምቶ ክፉ እንዳያደርግበት ከሰው የሚሰውሩትም ነበሩ።

ሁለተኛው የዓለም ስም ነው። ይህን የሚያወጡት እናት፥ አባት ወይም አያት ናቸው፤ ሰውም ዕድሜውን ሁሉ የሚጠራበት ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ የማቈላመጫ ስም አለ፤ ታናሽ ታላቁን በስሙ መጥራት ነውር ስለ ሆነ ጋሼ፥ እትዬ፥ ወንድምዓለም፥ እታለም እያለ ይጠራዋል። ምራትም ወደ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም የምትቀበልበት ልማድ አለ።

ለጦር ሰው ደግሞ የፈረስ ስም ነበረው። አባ የሚለው ቃል በኦሮሞኛ አባትና ባለቤት ማለት ነው፤ ስለዚህ የፈረሱ ስም ባለቤቱን ይጠራል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና ይባሉ ነበር፤ ዲናም በዚያው ቋንቋ ጠላት ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ነበሩ። የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ለዘመተው ሻለቃ ተሰጥቶ የዓለም ጋዜጦች ጽፈውታል። ታጠቅና ጠቅል ሁለቱም ትእዛዝ ናቸው። ትእዛዙ ለፈረሱ ነው ወይስ ለጌታው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ፈረሱ የሚታጠቀው ነገር ስለሌለው፥ ወታደሩ ፈረሱን ሲጠራ ጌታውንና ራሱን ያዝዝ እንደ ነበር እገምታለሁ።

እንግዲህ ወደ ዓለም ስም እንመለስ። በዐማርኛ ግሥ ውስጥ ተናጋሪው፥ አድራጊውና ተደራጊው በአንድ ቃል ተጠቅልለው ይገኛሉ። ስም የሚያወጣ ሰው በዚህ ጠባይ እጅግ ይጠቀማል፤ አንዳንዱን ገልጦ ሌላውን ይሰውራልና። ገረመው የሚለውን እንመልከት። አንድ ሰው ተገርሟል፤ ግን ማን? ይበልጣል ሲባልም ሕፃኑ ከማን እንደሚበልጥ አልተነገረም፤ ከሞተው ወንድሙ፥ ከጎረቤት ልጅ፥ ወይም ከጣውንት ልጅ ሊሆን ይችላል። እንደሻው ማለት እንደ ፈቀደ ነው፤ የፈቀደው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሁሉ ይረዳል፤ ነገር ግን ስሙ አልተጠራም። ማንያዘዋል ጥያቄ ነው፤ መልስ የሚጠበቅበትም ወገን አለ።

ተናጋሪውም ቢሆን ሁልጊዜ ስም አውጪው አይደለም። ወንድማገኘሁ የተባለውን ሕፃን ስም ያወጣችው እናቱ ትሆን ይሆናል፤ ወንድም ያገኘች ግን እርስዋ አይደለችም። በዚህ ስም የምትናገረው ታላቅ እኅቱ ናት፤ ገና አፍ ያልፈታች ብትሆን እንኳ እናቷ ስለ እርስዋ ሆና ትናገርላታለች። እንዲሁም ስሜነህ የሚለው የአባት ቃል ነው። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ የአባት ስም የሚቈየው ከልጁ ስም ቀጥሎ ሲጠራ ብቻ ነው። ስለዚህ አባት ልጁን ስሜ ነህ ሲለው ምሳሌ መናገሩ ሳይሆን እውነተኛውን ነገር መናገሩ ነው።

ተሰሚውን ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ አንድ ምልክት አለ፤ እርሱም የአክብሮት አነጋገር ነው። እግዚአብሔርን አንቱ ብሎ የሚለምን የለም፤ ዐማራ አምላኩን አንተ ይለዋል። ስለዚህ አንተነህ የሚለው ስም ለሕፃኑም ለአምላክም ሊሆን ይችላል። አስረሳኸኝ የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ኀዘንን ያስረሳው ልጁ ነው ወይስ የሰጠው አምላክ? ይታገሱ የሚለው ግን ከአምላክ ጋር የሚነገር አይደለም። ወይ ለአንድ ትልቅ ሰው በአክብሮት የተነገረ ልመና ነው፥ ወይም ስለ ብዙ ሰዎች የተነገረ ዘንድ አንቀጽ ነው። ርስት በየትውልዱ በሚከፋፈልበት አገር ወራሽ ያጣ ሰው በእርጅናው ልጅ ቢወልድ፥ መሬቱን ለመካፈል ያሰፈሰፉ ዘመዶቹ ይታገሱ ማለቱ ይገባናል። እንዲህ ያለውን ስም የያዘ ሰው የመንፈሳዊ ትዕግሥት ስም እንዳለው አድርጎ ቢናገር አይፈረድበትም፤ ቃሉ ይህንንም ይሸከማልና።

ለባላንጣ የተነገሩት ስሞች በግልጽ ይታወቃሉ። ሺመልስ፥ ዳምጠው፥ ደመላሽ፥ አይችሉህም፥ ሺፈራው የሚሉት የደም ጠላት፥ የድንበር ክርክርና የጦር ዘመን ስሞች ናቸው። ስለ እነዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ስሙን የሰማ ጠላት ራሱ ተርጓሚው ነበርና። በመኸር ጊዜ የተወለደ እሸቱ፥ በጥጋብ ዓመት የተወለደ ጥጋቡ፥ በሰንበት የተወለደች ሰንበቴ ሲባሉም ነገሩ ቀላል ነው። ሁሉአገርሽ የሚለው የሴት ስም ግን ጥቂት ያስቈማል። ሴት ልጅ ተድራ ከአባቷ ቤት ወደ ሩቅ ትሄዳለች፤ ሁሉ አገርሽ ነው ብሎ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መንገር በረከትም ነው፥ ማስታገሻም ነው።

ከሁሉ የሚበልጡት ለሞት የተነገሩት ናቸው። በቀድሞ ዘመን በዚህ አገር ከተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞቱ ነበር፤ ይህም በስሞች ላይ የተወው ምልክት እስከ ዛሬ አልጠፋም። ካሣ፥ ምትኩ፥ ተካ፥ ማስረሻ የሚባሉት በሞተው ፈንታ የተገኙ ልጆች ስም ናቸው። ከዐፄ ምኒልክ በፊት የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም በልጅነታቸው ስማቸው ካሣ ነበር። የመጀመሪያው በ1847፥ ሁለተኛው በ1864 ዓ.ም. ሲነግሡ ይህን ስም ትተው የነገሡበትን ያዙ። ከዚህ ተነሥቶ የእያንዳንዱ ካሣ እናት ከእርሱ በፊት ልጅ ሞቶባታል ማለት አይቻልም፤ ካሣ ከአያት የሚወረስ ስምም ነው፤ ካሣነቱም ስለ ሞተ አባት ወይም ስለ ጠፋ ሀብት ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ ስሙ ሲወጣ አንድ ዕዳ እንደ ነበረ ያስታውቃል።

ቢተው የሚለው ስም ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ግሡ ባለቤት አለው፥ ተሳቢም አለው፤ ተሳቢው ሕፃኑ ነው። ባለቤቱ ሞት ነው፤ ግን እንዳይሰማ አልተጠራም። ዐረፍተ ነገሩም አላለቀም፤ ቢተው ምን ይሆን ነበር? እናቲቱ ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ቢያድግልኝ የሚለውም እንዲሁ በምኞት ላይ የቆመ ነው። ሞትባይኖር የሚለው ግን ሞትን በስሙ ይጠራዋል፤ እንዲህ ያለ ስም ያወጣ ሰው ከፍርሃት አልፎ ወደ ክርክር የገባ ይመስለኛል።

የአንድ ቤት ልጆች ስም በተወለዱበት ተራ ቢነበብ እንደ ደብዳቤ የሚነበብበት ጊዜ አለ። በደብረ ሲና ዙሪያ ከሰማኋቸው አንዱን ልጥቀስ። የመጀመሪያይቱ ደስታ ተባለች፥ ሞተች። ሁለተኛው ምትኩ ተባለ፥ ሞተ። ሦስተኛው ቢተው ነው፥ ኖረ። ከእርሱ በኋላ ማስረሻ፥ መጨረሻም ተመስገን ተወለዱ። ዛሬ ማስረሻን ብቻ የሚያውቅ ሰው ምን እንዳስረሳ አያውቅም፤ የተረሱት ሁለቱ ከመዝገብ አልገቡምና። ስለዚህ የአንዱ ልጅ ስም ፍቺ በወንድሞቹና በእኅቶቹ ስም ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ሞትን የማታለልና የመለመን ልማድ የኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን አገር ታላቁ የጦር አለቃ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በእርጅናው በ1589 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወንድ ልጅ ቢያገኝ፥ የተጣለ ማለት የሆነ ሱቴ የሚል የሕፃንነት ስም አወጣለት። ሕፃኑ ግን በ1591 ሞተ። በ1593 ሌላ ልጅ ሲወለድ ከወደቀበት የተነሣ ማለት የሆነ ሂሮይ አለው። ሞት የተጣለ ነገር አይፈልግም የሚል አሳብ ነው። የእኛ ምትኩና የእነርሱ ሂሮይ ተገናኝተው ቢሆን ያለ አስተርጓሚ በተግባቡ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ሸዋ መሳፍንት ቤት እንሂድ፤ በአንኮበር የገዙት ሰዎች ስም በተራ ሲነበብ ታሪክ ይናገራልና። አምኃ ኢየሱስ ልጃቸው አስፋ ወሰን ተባለ። አስፋ ትእዛዝ ነው፤ ድንበር አስፋ ማለት ነው። ይህም በ18ኛው መቶ ዓመት ከመንዝና ከይፋት ወጥቶ እየሰፋ ለሄደው ግዛት የተስማማ ነበር። የአስፋ ወሰን ልጅ ወሰን ሰገድ ተባለ። አባቱ እንዲሰፋ የታዘዘው ድንበር በልጁ ዘመን ሰገደ ማለት ነው። ሰገድ የሚለው መጨረሻ የነገሥታት ነበር፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ወናግ ሰገድ፥ ዐፄ ገላውዴዎስ አጽናፍ ሰገድ፥ ዐፄ ፋሲል ዓለም ሰገድ ይባሉ ነበር። የሸዋው መስፍን የንጉሥነት ማዕርግ ሳይዝ ከስሙ ግማሽ የንጉሥ ሆነ። ማዕርጉን የያዘው ልጁ ሣህለ ሥላሴ ነው፤ እርሱም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሲገዛ የተጠራው በግእዝ ስም ነበር። አስፋ ወሰን የሚለው ስም በ1908 ዓ.ም. ለተወለዱት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ እንደ ገና ሲወጣ ትእዛዙ ለሕፃኑ ብቻ አልነበረም፤ ሰሚው ሁሉ የአንኮበርን ቤት እንዲያስታውስ ነበር።

የዚሁ ቤት ሴቶች ስም ከወንዶቹ ይልቅ ይናገራል። የሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበወርቅ፥ ባለቤታቸው በዛብሽ ናቸው። ወርቅ ዘነበ የሚለው የደስታ ቃል ነው፤ በዛብሽ የሚለው ግን ምን እንደ በዛ ሰውሮታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የዐፄ ምኒልክ መወለድ ነው። እናታቸው እጅጋየሁ ይባላሉ፤ እጅግ አየሁ ማለት ነው። በቤተ መንግሥት ሥራ ላይ የነበሩ፥ ከታላቅ ወገን ያልተወለዱ ሴት እንደ ነበሩ ይነገራል። ልጁ ሲወለድ ሰው ምን ይላል የሚል አሳብ ስለ ነበረ ስሙ በመጀመሪያ ምን ይልህ ሸዋ እንደ ነበረ፥ ኋላም አያቱ ሣህለ ሥላሴ ምኒልክ ብለው እንዳጸኑት በአፍም በጽሑፍም የቈየ ታሪክ አለ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር።

እንደ ሊቃውንት አነጋገር የቀዳማዊ ምኒልክ ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን የጠቢቡ ልጅ ማለት ነው፤ በክብረ ነገሥትም በይነ ልሕክም ተብሎ ተጽፏል። የሸዋ ሰው ግን ይህን የሩቅ ስም ተቀብሎ በራሱ ሰዋስው ፈታው፤ ከዐረብኛው ውስጥ የዐማርኛ ጥያቄ አወጣ። ይህ ታሪክ እንደ ተነገረው ሆነ አልሆነ አልከራከርም። ለእኔ የሚበቃኝ የሰውን ጠባይ ማሳየቱ ነው፤ ሰዎች ለንጉሣቸው ስም እንኳ ተናጋሪና ተሰሚ ፈለጉለት፤ ተናጋሪውም ሸዋ ነው። የእናትና የልጅ ስም አንድ ላይ ሲነበብ ይህ ይባላል፤ እጅግ አየሁ፤ ሸዋ ምን ይልህ ይሆን?

በጣልያን ወረራ ጊዜ በአርበኝነታቸው የታወቁት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ስማቸው ሸዋን ያነሣል፤ ሸዋ ረገደ፥ ማለት በደስታ ወይም በሽለላ እግሩን መታ እንደ ማለት ነው። አገር እንደ ሰው የሚናገርበትና የሚጨፍርበት ስም በሌላ አውራጃ ይህን ያህል መብዛቱን እጠራጠራለሁ። የሃይማኖት ልዩነትም ልማዱን አላገደውም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ እናት የሺእመቤት ዓሊ ነበሩ፤ የሺህ ሰው እመቤት የሚለው የዐማርኛ ቃል ከአባታቸው የእስላም ስም አጠገብ ያለ ጠብ ይቀመጣል።

ስለ አጻጻፍም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። በዚያ አገር የሰው ስም ካንጂ በሚባለው ከቻይና በመጣ ፊደል ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ምልክት ድምፅ ብቻ ሳይሆን ትርጕም አለው። ብላቴን ጌታ ሲሄዱ በዙፋን ላይ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ስማቸው በሁለት ምልክት ይጻፋል፤ አንዱ ሙላትና ብልጽግና፥ ሁለተኛው ርኅራኄ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ምልክት በልጃቸው በአኪሂቶና በልጅ ልጃቸው በናሩሂቶም ስም ውስጥ ይገኛል፤ ሰገድ በእኛ ነገሥታት ስም ውስጥ እንደ ነበረው ማለት ነው።

በጃፓን አንድ ድምፅ ብዙ ትርጕም አለው። አኪራ የሚባል ሰው ስሙ በብሩህ ምልክትም በሌላ ምልክትም ሊጻፍ ይችላል፤ ካልተጻፈ ትርጕሙ አይታወቅም። በአንጻሩ የተጻፈው ምልክት እንዴት እንደሚነበብ ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። መንግሥታቸውም በዚህ ብዙ ደክሟል። በ1951 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለሰው ስም ብቻ የተፈቀዱ 92 ተጨማሪ ምልክቶችን አወጣ፤ ዛሬ ለስም የተፈቀዱት በጠቅላላው ወደ 3 ሺህ ደርሰዋል። የስሙ ንባብ በቤተሰብ መዝገብ እንዲጻፍ የተደነገገው ግን ገና በ2025 ነው። ትርጕሙ ከጥንት ጀምሮ ተጽፎ ኖሮ ድምፁ ሳይጻፍ ቀረ ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ፊደላችን ድምፅን ይጽፋል፤ እርሱንም ማጥበቅና ማላላትን ሳያሳይ ነው። ከዚህም በላይ እጅግ አየሁ የሚለው እጅጋየሁ፥ ወንድም አገኘሁ የሚለው ወንድማገኘሁ ሆኖ ይጨማደዳል። ስማቸው የሚለውን ስም ደግሞ እንመልከት። የእነርሱ ስም ማለት ነው፤ በትእዛዝ አንቀጽ ደግሞ እነርሱን አድምጣቸው ማለት ነው። ፊደሉ አንድ፥ ንባቡም አንድ ነው፤ ጠብቆና ላልቶ እንኳ አይለያይም። ጃፓናዊት እናት በምልክት ልዩነት የምትገልጠውን ዐማራይቱ የምትገልጥበት መንገድ የላትም፤ አሳቡ በእርስዋ ዘንድ ይቀራል።

ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ጊዜ በታላቅ ቀን ተገናኝተዋል። በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር በ1924 ዓ.ም. የተወለደው አበበ ቢቂላ በሮም ካሸነፈ በኋላ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶን ሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። አበበ ማለት አበባ አወጣ ነው፤ ቢቂላም በኦሮሞኛ በቀለ ማለት ነው። እንግዲህ የልጅና የአባት ስም በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ በአባት የበቀለው በልጅ አበበ። ለአበባና ለቡቃያ ምልክት ያላቸው ጃፓኖች ግን የባዕድ ስም የሚጽፉበት ካታካና የተባለ የድምፅ ፊደል ስላላቸው በእርሱ ጻፉት። አደባባዩ ሁሉ አበበ እያለ ሲጮኽ ስሙ ድምፅ ብቻ ነበር።

በእኛም አገር ስሙ ድምፅ ብቻ እየሆነ የሚሄድበት ምክንያት አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ዛሬም ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። ወደ ውጭ አገር የሄዱት ግን የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርገው ለልጆቻቸው ያወርሳሉ፤ በዚህም አንድ አያት ለአንድ ሕፃን የተናገረው ቃል ለማያውቀው ሦስተኛና አራተኛ ትውልድ መጠሪያ ይሆናል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት በየቀበሌው በመዝገብ ይገባል፤ መዝገቡም የሕፃኑን ስም፥ የአባቱንና የአያቱን፥ የተወለደበትንም ቀንና ስፍራ ይይዛል። ስሙ ለማን እንደ ተነገረ የሚጻፍበት ዓምድ የለውም፤ እንዲኖረውም አይጠበቅም።

የስሞቹም ዐይነት ተለውጧል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ አብዮት የተባሉ ልጆች ነበሩ፤ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በከተማው ናትናኤል፥ ሶልያና፥ ማርያማዊት የመሰሉ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከግእዝ የተወሰዱ ስሞች ይበዛሉ። ያማሩ ስሞች ናቸው። ልጆችም ከቀድሞው ይልቅ ስለሚያድጉ ቢተው የሚል ስም የሚያስፈልገው ወላጅ መቀነሱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የዱሮዎቹን ስሞች የያዙት ሰዎች ገና አሉ፤ ያወጡላቸው ግን እያለቁ ናቸው። ስም የሚሰበስብ ተማሪ ከባለ ስሙ ይልቅ ወደ እናቱ፥ እርስዋም ከሌለች ወደ አክስቱ አስቀድሞ ቢሄድ ይጠቀማል። የሚጠይቀውም ምን ማለት ነው ብሎ ሳይሆን ከማን በኋላ ተወለደ፥ በዚያን ጊዜ ከማን ጋር ነበራችሁ ብሎ ቢሆን ይሻላል።

ይህን ከስሕተቴ የተማርሁት በደብረ ሲና ነው። ስማቸው የተባለ ከስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ስለ ስሙ ብጠይቀው፥ የወገኖቼን ስም የማስጠራ ነኝ፥ የእነርሱ ስም ማለት ነው ብሎ ነገረኝ፤ እኔም እንዲሁ ጻፍሁ። ቡና ሲፈላ እናቱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና እንዲህ አሉ፤ «እንደሱ አይደለም። ሰባት ዓመት ሳልወልድ ብቀመጥ መካን ናት ይሉኝ ነበር። እርሱ ሲወለድ ጮኾ አለቀሰ፤ እኔም ስማቸው አልሁት፤ አሁንስ ምን እንደሚሉ ስማቸው ብዬ።» ልጃቸው ሲኒውን አስቀምጦ፥ «እማዬ፥ እነማን ነበሩ?» ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም ስማቸውን አንድ በአንድ ቈጠሩለት፤ ከአንዲት ጎረቤት በቀር ሁሉም የሞቱ ነበሩ።